ወንበር ሰፊው ኤርምያስና የዶክተሩ ብረት

ኤርምያስ ወንበር ላይ ዝም ብሎ አይቀመጥም። መጀመሪያ በመዳፉ ጫን ያደርገዋል፤ ቀጥሎ በአንድ ጎኑ ያርፍበታል፤ ከዚያ ወደ ሌላው ይዞራል፤ በመጨረሻ ሙሉ ክብደቱን ለቅቆ ዓይኑን ይጨፍናል። ሰው ቤት ለቅሶ ሄዶም ቢሆን ይኸው ነው። ሚስቱ መስከረም በዚህ ጠባዩ ብዙ ዘመን ስታፍር ኖራ ኋላ ላይ ተወችው።

ከሥራው የመጣ ልማድ ነው። ኤርምያስ ኤደን ከተማ፣ ሼክ ዑስማን በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ባለው የወርሻዎች፣ ማለትም የጋራዦች መንደር የመኪና ወንበር ይሰፋል፤ ዐረቦቹ «ሙነጂድ» ይሉታል። ዕድሜው አምሳ ሦስት ነው። የተወለደው እዚያው ኤደን፣ ተዋሂ ነው፤ አባቱ ከድሬዳዋ ተሻግረው መጥተው ወደቡ ላይ መጋዘን ሲጠብቁ ኖረው እዚያው አረፉ። አማርኛውን ከእናቱ፣ ዐረብኛውን ከመንገድ፣ ስፌቱን ከአንድ የመናዊ ሽማግሌ ተማረ። ሽማግሌው ሲሞቱ መርፌውም የስፌት መኪናውም ሱቁም ለእሱ ቀሩ።

አንድ ሰው ወንበር ሊያሠራ ሲመጣ ኤርምያስ ሜትር አያወጣም። «እስቲ አንድ ዙር እንሂድ» ይላል። ከሾፌሩ ጎን ይቀመጥና ዓይኑን ጨፍኖ ሰፈሩን ይዞራል። ሰውየው ሲታጠፍ ወደ የት እንደሚያዘነብል፣ ወገቡ የት ላይ ባዶ እንደሚቀር፣ ስፖንጁ የት እንደሞተ የሚያውቀው እንዲያ ነው። ታዲያ ወንበሩን ሲያዳምጥ መኪናውንም መስማቱ አልቀረም። ሲመለሱ ሰውየውን ወንበሩ ደኅና እንደሆነ፣ የቀኙ የኋላ ሾክ፣ ንዝረቱን የሚውጠው አሞርዛተር፣ ግን እንዳለቀለት ይነግረዋል። ሰውየው አያምንም። አጠገቡ ያለው መካኒክ ዋኤል ጎማውን ፈትቶ ያየዋል፤ ሾኩ ዘይቱን አፍስሶ ጨርሷል። እንዲህ እንዲህ እያለ ዋኤል ምርመራ ያስቸገረው መኪና ሲገጥመው «ጎረቤት፣ ና ተቀመጥልኝ» ማለት ለመደ።

የሚገርመው፣ ይህ ሁሉ ሲሆን ኤርምያስ ራሱ መኪና አይነዳም።

በሃያ አራት ዓመቱ ይነዳ ነበር። አንድ ቀን የሽማግሌውን ፒክአፕ ወንበር ጭኖ፣ ያኔ እጮኛው የነበረችውን መስከረምን ጎኑ አስቀምጦ፣ ከማዕላ ወደ ክሬተር የሚያሻግረውን መንገድ ቁልቁል ወረደው። ጭነቱን ደኅና አድርጎ አላሰረም ነበር። ኩርባው ላይ ወንበሮቹ ወደ አንድ ጎን ሸርተት ሲሉ መኪናው ተከተላቸው፤ ግድግዳው ደግሞ ከቦታው አልተነቃነቀም። እሱ ምንም አልሆነም። የመስከረም የትከሻ አጥንት ግን ተሰበረ። እሷ በዳነች በዓመቱ መንዳት ተምራ ሊሰን አወጣች፤ ሊሰን የኤደን ሰው መንጃ ፈቃድን የሚጠራበት፣ ከእንግሊዞቹ የተረፈ ቃል ነው። እሱ መሪ ዳግመኛ አልጨበጠም። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሱቁ በር ላይ የምታወርደው እሷ ናት፤ ከዚያ መንሱራ ሰፈር ወደምትሠራበት ክሊኒክ ላቦራቶሪ ትሄዳለች። ስለዚያ ቀን ሁለቱም አያነሡም።

ዶክተር አናስ የመጣው ባለፈው ዓመት፣ የኤደን ሙቀት ትንሽ ረገብ ባለበት ሰሞን ነው። የጥርስ ሐኪም ነው፤ ሠላሳ ስምንት ዓመቱ። ኤርምያስ የአባቱን መኪና ወንበር ሲሰፋ ጀምሮ ያውቀዋል። በዚያን ቀን ይዟት የመጣው ግን የአባቱ ዓይነት መኪና አልነበረችም። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ ወደ ኋላ የሚታጠፍ፣ መሬት ልትስም የደረሰች ቀይ የስፖርት መኪና ናት። ሞተሯ ከፊት ነው፣ የሚገፋት ግን የኋላ እግሯ ነው። አሮጌ ናት፤ ከዱባይ በመርከብ አስመጥቷታል። ሚስቱ ሻይማ መኪናዋን ስታይ ልጆቹን የት እንደሚያስቀምጣቸው ብቻ ጠይቃ ወደ ጓዳ ገባች አሉ።

ኤርምያስ ወንበሮቹን በጥቁር ቆዳ ሰፋለት። ሥራው ካለቀ በኋላም ዶክተሩ መምጣቱን አልተወም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ረጅም ካርቶን ታቅፎ መጣ። ከውስጡ የወጣው እንደ መስታወት የሚያበራ ሰማያዊ ብረት ነው፤ ርዝመቱ አንድ ክንድ ተኩል ያህል ይሆናል፤ በሁለቱ ጫፎቹ ላይ ብሎን የሚገባባቸው ሳህኖች አሉት። ዶክተሩ ኮፋኖውን ከፍቶ ብረቱን ከሞተሩ በላይ አጋደመው። ይህን የገጠመች መኪና ኩርባ ላይ ሌላ መኪና ትሆናለች ብለውኛል አለ።

ዋኤል እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጥቶ አየውና ሳቀ። ለሞተሩ የአንገት ሐብል ገዝተህለታል አለው።

ዶክተሩ ቅር አለው። ዋኤል ግን ክፉ ሰው ስላልሆነ ነገሩን አስረዳ። የፊት ሾኮች ራሳቸው የሚታሰርባቸው ሁለት ጉልላቶች አሉ፤ አንዱ ከሞተሩ ግራ፣ አንዱ ከቀኙ። ከላሜራ የተሠሩ ናቸው። መኪናው ሲታጠፍ ክብደቱ በሙሉ በውጪ በኩል ባለው ጎማ ላይ ይወድቃል፤ ጎማው ሾኩን፣ ሾኩ ጉልላቱን ይገፋዋል። ላሜራ ነውና የፀጉር ያህል ይተጣጠፋል። ጉልላቱ ሲያዘነብል ጎማውም አብሮ ያዘነብላል፣ መሪውም ይደነዝዛል። ብረቱ ሁለቱን ጉልላቶች እጅ ለእጅ ያያይዛቸዋል፤ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይይዘዋል። ሐሳቡ ይኸው ነው። ይህች መኪና ግን ገና ከፋብሪካ ስትወጣ ጠንካራ ናት፤ የፀጉር ያህሏን ለውጥ ደግሞ የሚያውቃት ሰው የለም ሲል ዋኤል ንግግሩን ዘጋ።

ዶክተሩ ወደ ኤርምያስ ዞረ። «ዐሚ ኤርምያስ ያውቃታል» አለ፤ ዐሚ በዐረብኛ አጎቴ ማለት ነው።

እንዲህ ሆኖ ኤርምያስ ዳኛ ተደረገ። ማግስቱ ዓርብ ነበር፤ ዓርብ ጠዋት የኤደን መንገድ ባዶ ነው። ዋኤል የሙከራውን ሕግ አወጣ፤ ሁለቱ ሰዎች ሱቅ ውስጥ ፊታቸውን አዙረው ሻይ በወተት ይጠጣሉ፤ እሱ ብረቱን ወይ ይገጥመዋል ወይ ያወጣዋል፤ ኮፋኖውን ይዘጋል። ከዚያ ዶክተሩ እየነዳ፣ ኤርምያስ ጎኑ ተቀምጦ፣ አስፋልቱ የተቦረቦረውን አደባባይ ሦስት ጊዜ ይዞሩታል። ተመልሰው ብረቱ መኖር አለመኖሩን ይናገራሉ። ስድስት ጊዜ ወጡ፣ ስድስት ጊዜ ተመለሱ። ዶክተሩ አራቱን ሳተ። ኤርምያስ ሦስቱን አገኘ፣ ሦስቱን ሳተ፤ ሳንቲም ቢወረውርም ከዚያ አያንስም ነበር። ዋኤል ጢሙን አሻሸ፤ ቀድሞ ባይስቅ ይሻል ነበር ብሎ ያሰበ ይመስላል።

ዶክተሩ አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ሰማያዊው ብረት ሱቁ ውስጥ ቀረ። ኤርምያስ ግን ቅዳሜም እሑድም ሐሳቡን ከዚያ ብረት ላይ ማንሣት አልቻለም። ያስጨነቀው የዶክተሩ ገንዘብ መባከን አልነበረም። ዕድሜውን ሙሉ የወንበር አጥንት ሲያስተካክል የኖረ ሰው ነው፤ ሁለት እግሮች በመሐላቸው መወጠሪያ ከገባ እንደማይወዛወዙ ያውቃል። እንግዲህ ይህ ብረት ለምን አልሠራም?

ሰኞ ጠዋት አንዱን ጫፍ ጭኑ መሐል አጥብቆ ይዞ ሌላውን ነቀነቀው። ቀጭ አለ። እንደገና ነቀነቀው፤ ቀጭ። ብረቱ አንድ ወጥ አልነበረም፤ በሁለቱም ጫፍ ሳህኑና ዘንጉ የሚገናኙት በአንድ ብሎን ነው፣ ቀዳዳው ደግሞ ከብሎኑ ትንሽ ይሰፋል። ትንሽ ማለት የፀጉር ያህል። ጉልላቱም የሚንቀሳቀሰው የፀጉር ያህል ነው። ብረቱ ሥራውን ሳይጀምር ኩርባው ያልቃል ማለት ነው። ዋኤልን ጠርቶ አሳየው። ዋኤል ነቀነቀው፣ ሰማውና በገመድ የታሰረ መወጠሪያ ነው አለ። ሽንፈቱን ካመነ አይቀር እስከ መጨረሻው የሚያምን ሰው ነው፤ አንድ ወጥ ብረት ማን ይሠራልናል ብሎ የጠየቀውም እሱ ራሱ ነው።

ኤርምያስ የሚያውቀው አንድ ሰው ነበር። ጋሼ ገብሬ ብሬቃ በሚባለው ሰፈር፣ ከነዳጅ ማጣሪያው ጎን ባሉት የሠራተኛ ቤቶች ውስጥ ይኖራሉ። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ማጣሪያው ውስጥ ቧንቧ ሲበይዱ ኖረው ጡረታ ከወጡ ሰንብተዋል፤ የብየዳ መነጽራቸው ግን ዛሬም ግድግዳው ላይ፣ ከማርያም ሥዕል ዝቅ ብሎ ተሰቅሏል። እንደ እንግሊዞቹ ኮፋኖውን ቦኔት፣ መሪውን ስቲሪንግ ማለት አልተዉም።

ቀዩዋን መኪና ይዘው ሲሄዱ ጋሼ ገብሬ ሁለት ጊዜ ዞሯት። ከዚያ ዋኤል ይዞት የመጣውን ክሪክ ሲያወጣ ተቆጡት። መኪናዋ ተንጠልጥላ አትለካም፤ በአራት እግሯ ደልዳላ መሬት ላይ ቆማ፣ ዶክተሩም ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነው የምትለካው አሉ። የተንጠለጠለች መኪና ጉልላቶቿ ትንሽ ይሸሻሉ፤ በዚያ ልክ የተሠራ ብረት ሲገጠም እየጎተተ ነው የሚኖረው። ዶክተሩ ጸሐይ ላይ አንድ ሰዓት ተኩል መሪ ጨብጦ ተቀመጠ። ጋሼ ገብሬ ወፍራም ሳህን ቆርጠው፣ በሦስት በሦስት ብሎን ከጉልላቶቹ ላይ አስረው፣ ክብ ቧንቧ መሐላቸው አጋድመው ለመያዝ ያህል ነጥብ ነጥብ በየዱ። ከዚያ አውጥተው ዙሪያውን በየዱት። ብየዳው የዓሣ ቅርፊት ይመስላል፤ እኩል፣ የተደራረበ። ቀለም እንቀባው ብለው ሲጠይቋቸው ቀለም ለሚያፍር ብረት ነው አሏቸው።

በሚቀጥለው ዓርብ ያው ሙከራ ተደገመ። ያው ሻይ፣ ያው አደባባይ፣ ያው ስድስት ምልልስ። ኤርምያስ ስድስቱንም አገኘ። ዶክተሩም አምስቱን።

ዋኤል ይህን ጊዜ አልሳቀም። እንዴት እንደለየው ጠየቀው።

«ቀጥታ ላይ ምንም የለም፤ ቢኖርም ባይኖርም ያው ነው» አለ ኤርምያስ። «ስትታጠፍ ነው። ያለ ብረቱ ሁለቴ ትገፋኛለች። መጀመሪያ አፍንጫዋ ያስባል፣ ከዚያ ይሄዳል። በብረቱ አንዴ ብቻ ነው የምትገፋኝ።»

ዶክተሩ ደስታው ፊቱ ላይ ፈሰሰ። መሪው በእጁ እንደተሳለ ቢላ ሆኗል፤ ባሰበበት ትሄዳለች። ኤርምያስ ግን ሌላም ነገር ነበረው። ፊቷ ቶሎ ሲገባ ኋላዋ እንደ ቀድሞው አብሮ አይመጣም። አደባባዩን ሲጨርሱ ወንበሩ ከበታቹ ወደ ውጪ ሸሸት ይልበታል፤ ጥቂት ነው፣ ግን አለ። ቀድሞ ፊቷ ሰነፍ ስለነበረ የኋላዋ ስንፍና አይታወቅም ነበር። እየገፋች የምትሄደው ደግሞ በኋላ እግሯ ነው። ይህንኑ ለዶክተሩ ቀስ ብሎ ነገረው፤ ኋላዋ ቀለል ብሏል፣ የኋላ ጎማዎቹንም እይ አለው።

ዶክተሩ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «ዐሚ፣ የማይነዳ ሰው ስለ መንዳት ይህን ያህል ካወቀ ይበቃዋል» አለ እየሳቀ። ክፋት አልነበረበትም። ኤርምያስም ፈገግ አለ። ይህን ቃል ሃያ ዘጠኝ ዓመት ማንም ሳይለው ለራሱ ሲለው ስለኖረ፣ ሰው ሲለው ልክ መስሎ ታየው። ነገሩን አልደገመውም።

በሳምንቱ ዶክተሩ ለውለታው ዓሣ ልጋብዝዎ ብሎ ራስ ኢምራን ወደምትባለው የዓሣ አጥማጆች መንደር ይዞት ወጣ። ሁለት ሰው ብቻ ነው የምትይዘው፤ ዋኤል ደግሞ ላሕጅ ከተማ ሰርግ ነበረበት። ጣሪያዋን አጥፈው፣ ብሬቃን አልፈው፣ ባሕሩን በግራቸው አድርገው ሄዱ። ነፋሱ የኤርምያስን ኮፍያ ሊወስድበት ስለፈለገ ጭኑ ላይ አስቀመጠው። ዶክተሩ ኩርባ በመጣ ቁጥር እንደ ልጅ ደስ ይለዋል፤ ትንሽ ፈጠን ይላል፣ መሪውን ይነካል፣ መኪናዋም ትገባለታለች።

መንደሩ ሊታይ ሲል አንድ ወደ ቀኝ የሚዞር ረጅም ኩርባ አለ። ነፋስ ከባሕሩ በኩል አሸዋ አምጥቶ አስፋልቱ ላይ አልብሶታል። ዶክተሩ አሸዋውን ያየው ከገባበት በኋላ ነው፤ ደንግጦ እግሩን ከነዳጁ ላይ ድንገት አነሣ። ክብደቷ ወደ ፊት ወደቀ፣ ኋላዋ ቀለለ። የፊት እግሮቿ ብረቱ አንድ ላይ ይዟቸው እንደ ጥፍር መሬቱን ቧጠጡ፤ የኋላዎቹ ተዉት። ኤርምያስ ወንበሩ ከበታቹ ወደ ግራ ሲሄድ ተሰማው። መጣ፣ ብሎ አሰበ። ባሕር፣ ተራራ፣ መንገድ፣ እንደገና ባሕር አየ። ከዚያ ጸጥ አለ። መኪናዋ ፊቷን ወደመጡበት አዙራ፣ የኋላ ጎማዎቿን አሸዋ ውስጥ ቀብራ ቆማለች።

መረብ ሲጠግኑ የነበሩ ሦስት ዓሣ አጥማጆች ሮጠው መጡ። አልሐምዱሊላህ እያሉ ሁለቱንም አወጧቸው፣ መኪናዋንም ተጋግዘው አስፋልት ላይ መለሷት። ጭረት እንኳ የላትም። ዶክተሩ ግን ቀኝ እጁን በግራው ይዞ ፊቱ ነጭ ሆኗል። መሪው በራሱ ሲዞር አውራ ጣቱን በማቋረጫው መትቶታል፤ ዓይናቸው እያየ ያብጣል። ለጥርስ ሐኪም አውራ ጣት ምን ማለት እንደሆነ ለማንም መንገር አያሻም። ዓሣ አጥማጆቹ በራሳቸው ሻል አሰሩለት። አንዱ ልውሰዳችሁ ብሎ ነበር፤ ሲጠይቁት ግን ነድቶ የሚያውቀው ጀልባ ብቻ ነው። ዋኤል ጋ ተደወለ፤ ከላሕጅ እስኪመጣ ይመሻል አለ።

ዶክተሩ መሬት ላይ እንደተቀመጠ ቀና ብሎ ኤርምያስን አየው። «ነግረውኝ ነበር» አለ።

«አንዴ ብቻ ነው የነገርኩህ» አለ ኤርምያስ። «ሁለቴ መንገር ነበረብኝ።»

ከዚያ፣ ለራሱም እንግዳ በሆነ እርጋታ፣ ቁልፉን ጠየቀ።

ኋላ ለመስከረም ሲነግራት ድፍረት እንዳልነበረ፣ ፍርሃት እንኳ እንዳልነበረ ነው የነገራት። አንድ ሰው ሲያመው ሌላው ተነሥቶ በር እንደሚከፍት ያህል ነበር አላት። የሾፌሩ ወንበር ላይ እንደ ልማዱ ተቀመጠ፤ በመዳፉ ጫን፣ በግራ፣ በቀኝ። ራሱ የሰፋው ወንበር ነው፣ ግን በዚህ በኩል ተቀምጦበት አያውቅም። ፍሪሲዮኑን ሲለቅ መኪናዋ ዘለለችና ሞተሯ ጠፋ። ሁለተኛም ጠፋ። ዓሣ አጥማጆቹ በጨዋነት ባሕር ባሕሩን አዩ። በሦስተኛው ሄደች።

በሁለተኛ ማርሽ፣ ፔዳሉን እንደ እንቁላል እየረገጠ ወደዚያው ኩርባ ተመለሰ። ነዳጁን ሳይጨምር ሳይቀንስ እግሩን አንድ ቦታ ላይ አቆመውና መሪውን ጥቂት አዞረው። አፍንጫዋ ወዲያው ታዘዘ። ወንበሩ ላይ አንድ ግፊት ብሎ ይጠራው የነበረው ነገር እዚህ መዳፉ ውስጥ ነበር፤ አስፋልቱ ሲቦረቦር ቡርቡሩን፣ አሸዋው ሲጀምር የአሸዋውን ልስላሴ ጣቶቹ ያነቡታል። እስካሁን ደብዳቤውን በፖስታው ላይ እየዳበሰ ሲያነብ እንደኖረ ተሰማው። ኋላዋ ጥቂት ሸሸት ልትል አሰበች። እግሩን አላነሣም። ተመልሳ መጣች። ኩርባው አለቀ።

ዶክተሩ ጎኑ ተቀምጦ በሻል የተጠቀለለ እጁን እንደ ሕፃን ታቅፎ መንገዱን ያይ ነበር። ከብዙ መንገድ በኋላ እንዲህ ቀስ ብላ መሄድ እንደምትችል አላውቅም ነበር አለ።

ብሬቃን እንዳለፉ ኑቅጣ ነበረ፤ ወታደሮች መኪና የሚፈትሹበት ኬላ። ወታደሩ ቀዩዋን መኪና አየ፣ ኮፍያ ያደረገውን ሾፌር አየ፣ የታሰረውን እጅ አየ። ሊሰን ጠየቀ። ኤርምያስ የነበረው ሊሰን ከሃያ ዓመት በፊት ቀኑ ማለፉን፣ ሐኪሙ እጁን እንደተጎዳና ሌላ ነጂ እንደሌለ ሳይደባብቅ ነገረው። ወታደሩ ወደ ውስጥ አጎንብሶ ወንበሮቹን አየና በጣም ትሮጣለች ወይ ሲል ጠየቀ።

«አላውቅም፣ አልሞከርኳትም» አለው ኤርምያስ።

ወታደሩ በእጁ እለፉ አለ።

ዶክተሩን መጀመሪያ ሐኪም ቤት አደረሰው። ጣቱ አልተሰበረም፤ ጅማቱ ተወጥሯል፣ ሦስት ሳምንት ጥርስ አይነቅልም ተባለ። ከዚያ ሻይማ መጥታ ባሏን ወሰደችው፤ መኪናዋ ግን በሐኪም ቤቱ በር አታድርምና ኤርምያስ ማዕላ ወዳለው ቤቱ ይዟት ሄደ።

መስከረም በረንዳ ላይ ልብስ ታሰጣ ነበር። ቀይ መኪና ሲቆም አየች፣ ማን እንደሚወርድ ጠበቀች። ባሏ ከግራው በር ሲወርድ እጇ ላይ የነበረውን አንሶላ ገመዱ ላይ ጥላ ደረጃውን ወረደች። ኤርምያስ ነገሩን ሁሉ ከመሐል ጀምሮ፣ ከመጨረሻው፣ ከመጀመሪያው እያማታ ነገራት። ሰምታ ስትጨርስ ዞራ በሌላው በኩል ገባችና በሩን ዘጋች።

«አንድ ዙር» አለች።

ዋናው የማዕላ ጎዳና ላይ ወጥተው በወደቡ በኩል ዞሩ። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ መስከረም እጇን ሳታውቀው ትከሻዋ ላይ አሳረፈች። ኤርምያስ አየ፣ እግሩን አንድ ቦታ ላይ አጽንቶ መኪናዋን ቀስ አድርጎ አዞራት። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ እጇ እንዳለ ነው። ሦስተኛው ላይ ያሰጣችውን ልብስ አስታውሳ፣ ነፋሱ አንሶላውን ወስዶት እንደሆነ ማሰብ ጀመረች። ቤት ሲደርሱ ሊሰኑን ቶሎ እንዲያወጣ፣ ያለዚያ ጠዋት ቁልፉን እንደማትሰጠው ነገረችው።

ዋኤል በማግስቱ የቀዩዋን መኪና የኋላ ጎማዎች አወጣ። ጥርሳቸው ያላለቀ ቢሆንም ዓመታቸው አልፎ እንደ ድንጋይ ደርቀዋል። አዲስ ተገዛላት። ከኋላ ደግሞ መኪናዋ እንዳትጋደል የሚይዛትን ዘንግ በቀጭን ለወጠላት፤ ኋላዋ ትንሽ ሲለሰልስ መሬት መጨበጥ ይጀምራል፣ ከፊቷም ጋር ይስማማል አለ። ጣቱ የዳነለት ዶክተር ዞሮ ሲመለስ እንደ ቀድሞው ስለ ፍጥነት አላወራም፤ ኤርምያስን ጎኑ አስቀምጦ እንዴት ናት ብቻ ብሎ ጠየቀ። ኤርምያስም የሚያስበውን ነገረው። ያልሰማው ሲመስለው ደገመለት።

ወሬው ተሰራጭቶ ባለ ስፖርት መኪናዎች ለብረት ጋሼ ገብሬ ጋ መመላለስ ያዙ። ሽማግሌው መጀመሪያ ጎማቸውን ያያሉ፤ ካልወደዱት አይለኩም፣ ወደ ዋኤል ይመልሷቸዋል። ብረቱ ከመጥፎ ጎማ ላይ ጥሩ ጎማ አይሠራም ይላሉ። ኤርምያስ በሊሰን ፈተናው አንዴ ወደቀ፤ ወደ ኋላ ሲሄድ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር አለ ፈታኙ። በሁለተኛው አለፈ።

አሁን ዓርብ ዓርብ ባልና ሚስቱ በመስከረም ትንሽ መኪና ዓሣ ሊገዙ ወደ ራስ ኢምራን ይወጣሉ። ሲሄዱ እሱ፣ ሲመለሱ እሷ ትነዳለች። በቀደም ለት ብሬቃን እንዳለፉ ይህችኛዋ የምትሳበው በፊት እግሯ ስለሆነ ጉልላቶቿን ብናስር ምናልባት፣ ብሎ ጀምሮ ነበር።

«ስለ ብረት ልታወራ ከሆነ አቁምና እኔ ልንዳ» አለችው።

ኤርምያስ ዝም ብሎ ነዳ።